የሚዛኑ ቀስት እስኪቆም

ባለፈው ማክሰኞ የልጅ ልጄን ታቅፌ ሮቤ ዋናው መንገድ ዳር በቅርቡ ተሠርቶ ያለቀ አንድ ፎቅ ገባሁ። የሕፃናት ክሊኒኩ ያለው አምስተኛው ፎቅ ላይ ነው። እኔ ዓይኔን ደረጃው ላይ ጥዬ ነበር፤ ልጄ ሜሮን ግን «እማዬ፣ በዚህ ጉልበትሽ አምስት ፎቅ? ሊፍት አለ እኮ!» ብላ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ሮቤም አሳንሰር አወጣች ማለት ነው። ደጅ የጋሪ ፈረሶች ጭራቸውን እያወናጨፉ ቆመዋል፣ አንዲት ሴት ድንችና ነጭ ሽንኩርት ዘርግታ ትሸጣለች፤ ውስጥ ደግሞ መስታወት የለበሰ ሳጥን ሰው ጭኖ ሽቅብ ይሄዳል። ይህን ያህል ዘመን በኖርኩበት ከተማ እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ።

በሩ ተዘጋ። ሜሮን ቁጥሩን ተጫነችው። ሳጥኑ ገና ከመነሳቱ የስምንት ወሩ ናሆም ክንዴ ላይ ከበደኝ። ልጁ አልተንቀሳቀሰም፤ አፉን ከፍቶ እንቅልፉን ይለጥጣል። ግን ከበደኝ፤ አንድ ሰው ከላይ ጫን ያለው ያህል። ወዲያው ደግሞ የድሮ ክብደቱ ተመለሰ። አዲስ አበባ ስሄድ አሳንሰር ሳልሳፈር ቀርቼ አይደለም፤ ሕፃን ታቅፌ ግን ተሳፍሬ አላውቅም ነበር። በሌላው እጄ የግድግዳውን ብረት ጨበጥኩ። ሜሮን አሳንሰሩን የፈራሁ መስሏት በሆዷ ሳትስቅብኝ አልቀረችም።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ናሆምን ልብሱን አውልቃ በቁጥር የሚያሳየው ሚዛን ላይ አስተኛችው። «ቆዪ፣ እስኪረጋ ጠብቂ» አልኳት። «እማማ፣ ይሄ ራሱ ያውቃል፤ ሲረጋ ይጮኻል» አለችኝ እየሳቀች። ጮኸ። «እንደገና መዝኚው» አልኳት። መዘነችው። «አንዴ ብቻ ደግሞ» ስላት ሜሮን በኀፍረት ቀላች። «አትፍረጂባት፤ እናቴ ድሮ ጤና ረዳት ነበረች» አለቻት። ልጄ ይህንን ያህል ታውቃለች። ቀሪውን አልነገርኳትም። ዛሬ የምጽፈው ቀሪውን ነው።

ጎባ አሥራ አንደኛ ክፍል ስማር ፊዚክስ ያስተማሩን መምህር ጌታሁን የሚባሉ የጎጃም ሰው ነበሩ። የጎባ ብርድ እስከ መጨረሻው አልለመዳቸውም። ሁለት ሹራብ ደርበው፣ ከላይ ካፖርት ጭነው፣ አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመው ይገቡና ግማሹን ክፍለ ጊዜ አየሩን ሲረግሙ፣ ግማሹን ሲያስተምሩ ያሳልፉት ነበር። ግማሹ ግን ይበቃን ነበር፤ እንደሳቸው ያስተማረኝ ሰው የለም።

አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ሰው፣ ሰውየው እግር ሥር አንድ ሚዛን ሣሉ። «ይህ አሳንሰር ነው። አሳንሰር ያየ እጁን ያውጣ» አሉ። ከዚያ ሁሉ ተማሪ እጁን ያወጣው በቀለ ብቻ ነበር። «የት አየህ?» ቢሉት «አዲስ አበባ። ግን ያየሁት በሩን ነው፤ ዘበኛው አላስገባኝም» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህር ጌታሁን አሳንሰር ሊያመጡልን ስላልቻሉ በማግስቱ ከገበያ፣ ከቅቤ ነጋዴዎች፣ የሚንጠለጠል ክብ ሚዛን ተውሰው መጡ። አንድ ድንጋይ በሻርፓቸው ቋጥረው ሰቀሉበት። ሁለት ኪሎ። ከዚያ ሚዛኑን ሽቅብ መንጨቅ አደረጉት። ቀስቱ ዘለለ።

«ድንጋዩ ወፈረ እንዴ?»

«አልወፈረም!» አልን በአንድ ድምፅ።

«ታዲያ? ሚዛን አይዋሽም ሲሏችሁ አትመኑ፣ ልጆች። ሽቅብ ሲፋጠን አብዝቶ ይነግራችኋል፤ ቁልቁል ሲፋጠን አሳንሶ። ቆሞ ሲረጋ ብቻ እመኑት።»

በቀለ እንደገና እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የአሳንሰሩ ገመድ ቢበጠስስ?»

«ያኔ ሚዛኑ ዜሮ ይላል። ክብደት የለህም።»

«ሞቻለኋ!» አለ በቀለ፣ እኛም ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ የአሳንሰሩ ጥያቄ መጣ። ሴትዮዋ ሃምሳ ኪሎ ናት፣ አሳንሰሩ በዚህን ያህል ሽቅብ ይፋጠናል፣ ሚዛኑ ስንት ያነባል? ከሁሉ ቀድሜ ሠርቼ ያስረከብኩት እኔ ነበርኩ። ሙሉ ማርክ አገኘሁ። በዚያ ዘመን በፍጥነቴ የምኮራ ልጅ ነበርኩ፤ ቤት ስጠርግም፣ ስጽፍም፣ ስሄድም እቸኩላለሁ። እናቴ «አንቺን የወለድኩሽ እየሮጥኩ ነው መሰል» ትለኝ ነበር።

ከትምህርት ቤት ወጥቼ ጤና ረዳትነት ሠለጠንኩና እዚያው ጎባ ተመደብኩ። ሃያ ዓመቴ ነበር። በተመደብኩ በመጀመሪያው ዓመት በልጉ ቀረ፤ ቀጥሎ የተዘራውን ገብስ ደግሞ ሊያሸት ሲል ውርጭ መታው። ደጋው ላይ ያሉ መንደሮች ከብቶቻቸው ከሱ፣ ወተት ነጠፈ። እየዞርን ሕፃናቱን እንድንመዝን ታዘዝን። ለቁመቱ የተመደበለትን ክብደት ያላሟላ ልጅ በእጁ አንጓ ላይ ቀይ ክር ይታሰርለታል፤ ቀይ ክር ያለው ከነእናቱ በበቅሎ ተጭኖ ጎባ ወደ ምግብ ጣቢያው ይወርዳል፤ እዚያ ወተትና አልሚ ምግብ እየተሰጠው፣ ሐኪም እያየው ይሰነብታል። ለሁሉ የሚበቃ ቦታ ስለሌለ ክር የሌለው አይወርድም። አንድ ክንድ ቀይ ክር ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ቆራጩም አሳሪውም እኔ ነኝ።

አለቃዬ ጋሽ ንጉሤ ነበሩ። በሥራው ያረጁ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ቀስ ብለው የሚበሉ ሰው። በሶ ሲበጠብጡ እንኳ ማየት ትዕግሥቴን ይፈታተነው ነበር። መኪናው ከጎባ ሽቅብ ይዞን ወጥቶ ሳነቴ አምባ ላይ መንገድ ዳር አወረደን። የጅብራ ተክል ብቻውን ቆሟል፤ ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ፍልፈሎቹ ከጉድጓዳቸው ብቅ እያሉ ያዩናል። ከዚያ በበቅሎ ግማሽ ቀን ሄደን የመጀመሪያዋ መንደር ደረስን። ሰኞ ነበር። ስሟን አልጽፍም፤ ሰዎቿ ዛሬም አሉ።

ሚዛናችን መምህር ጌታሁን ከቅቤ ነጋዴ የተዋሱት ዓይነት ክብ ሚዛን ነው፤ ከሥሩ ሕፃኑ የሚገባበት የጨርቅ ሱሪ ይንጠለጠልበታል። ሌላ ቦታ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል። እዚያ ከፍታ ላይ ግን ከአስታ ሌላ ዛፍ የለም፤ አስታው ደግሞ ከሰው ቁመት አያልፍም። የመንደሩ ሰዎች መላ አላጡም። በሽተኛ ከሚሸከሙበት ወሳንሳ ላይ አንዱን አጣና ፈትተው አመጡ። ሁለት ጎልማሶች ጫፍና ጫፉን በትከሻቸው ይዘው ቁጢጥ ይላሉ፤ እኔ ሚዛኑን መሀል ላይ አንጠልጥዬ ሕፃኑን ሱሪው ውስጥ አስገባለሁ፤ ከዚያ በሽተኛ ሲያነሱ እንደለመዱት «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ!» ብለው ይቆጥሩና በአንድ ጊዜ ብድግ ይላሉ። በሽተኛ እንዳይንገዳገድ እኩል ፈጥኖ መነሳት ነው ወጉ። ሕፃኑ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ እናቱ ከሥር እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች።

ሕጉ አንዱ ቀስቱን ጮክ ብሎ እንዲያነብ፣ ሌላው ቁጥሩን መልሶ ጠርቶ እንዲጽፍ ነው። እስከ ቀትር እንደዚያ ሠራን። ከቀትር በኋላ ከበላያችን ጉሙ መውረድ ጀመረ። ጉም ሳነቴ ላይ ከያዘ መንገድ የለም፤ ሰልፉ ደግሞ ገና ረጅም ነው። ጋሽ ንጉሤ ክትባቱን ለመጨረስ ወደ ሌላው ጥግ ሄዱ። «ብቻሽን ትችይዋለሽ?» አሉኝ። «እርስዎ ሳይጨርሱ እጨርሳለሁ» አልኳቸው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሉኝና ፈገግ ብለው ሄዱ። ማንበቡም መጻፉም የኔ ሆነ።

ሕፃናቱ ሱሪው ውስጥ ሲገቡ ያለቅሳሉ፣ እግራቸውን ያወናጭፋሉ፣ ቀስቱም አብሯቸው ይወዛወዛል። ትዕግሥቴ አለቀ። እንዲህ ሆኜ እያለ ነው ሰው በአክብሮት «አዴ» የሚላት ሀሊማ ልጇን ይዛ የደረሰችው። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ረጅም፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያሰረች ሴት ነበረች። ልጁ አብዲ ይባላል፤ ዓመት ሊሞላው ነው። ሱሪው ውስጥ ሳስገባው አላለቀሰም። እግሩን አላወናጨፈም። ትልልቅ ዓይኖቹን እኔ ላይ ተክሎ ዝም አለ። እኔም ዝም ያለ ልጅ በማግኘቴ ደስ አለኝ። እውነቱ እሱ ነው፤ ደስ አለኝ። ሥልጠና ላይ «ዝም ያለውን ልጅ ፍሩት፤ ለማልቀስ አቅም ያጣ ነው» ተብዬ የተማርኩት ሁሉ በዚያች ሰዓት ከልቤ ጠፋ።

«ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ!» ሰዎቹ ብድግ አሉ። ቀስቱ ስድስት ኪሎ ከግማሽ ላይ ደረሰ። ለአብዲ ቁመት መስመሩ ስድስት ኪሎ ነው። አለፈ ብዬ ዓይኔን ወደ መዝገቡ መልሼ ጻፍኩ።

አዴ ሀሊማ ልጇን ተቀበለችኝና እጁን አየች፤ ክር የለም። አጠገቧ የቆመችው እናት ግን ለልጇ ታስሮላታል። «ለሱስ?» አለችኝ።

«ደህና ነው፤ ስድስት ከግማሽ ነው» አልኳት።

«ሂን ኡልፋቱ፣ ያ ኢንተላ» አለችኝ። አይከብድም፣ አንቺ ልጅ፣ ማለቷ ነው። ኦሮምኛ ከእናቴ እኩል ያሳደገኝ ቋንቋ ነው፤ አልገባኝም ልል አልችልም። ቀጠለችና «በፊት ሳዝለው ጀርባዬ ያውቀው ነበር። አሁን አዝዬው እረሳዋለሁ። በእጄ ቀለለኝ» አለችኝ።

«አዴ ሀሊማ፣ የአንቺ እጅ ይደክማል፤ ሚዛኑ አይደክምም» አልኳት። እንዲህ ብዬ የተናገርኩ ጊዜ እንደ ተማረ ሰው የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። እሷም ልጁን አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ወደ ጉሙ ገባች። እኔም «ቀጣይ!» አልኩ።

ሁለተኛዋ መንደር ከመጀመሪያዋ የግማሽ ቀን መንገድ ናት። ረቡዕ ጠዋት እዚያ ሥራ ስንጀምር ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ የሚያጣድፈን የለም። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሚዛኑን የምንፈትንበት አምስት ኪሎ ጨው የያዘ ከረጢት አለን። ሰቀልኩት። ጋሽ ንጉሤ ዘወር ብለው የክትባት ሳጥናቸውን ይፈታሉ። እዚህም አጣና፣ እዚህም ሁለት ጎልማሶች። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ!» ብድግ። ቀስቱ ስድስት ላይ ዘለለ። ከዚያ ወረደ፣ ትንሽ ተርገበገበና አምስት ላይ ቆመ።

ጨው አይቸኩልም፣ እኔም ያን ጊዜ አልቸኮልኩም፤ ስለዚህ አየሁት። የመምህር ጌታሁን ሻርፕ፣ ድንጋዩ፣ «ድንጋዩ ወፈረ እንዴ?» ያሉት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። ያ አጣና አሳንሰር ነው። ሁለቱ ሰዎች አሳንሰር ናቸው። ሙሉ ማርክ ያገኘሁበት ጥያቄ ፊቴ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሰሌዳ ላይ የተሣለ ሳጥን ስላልሆነ አላወቅሁትም። የአብዲ ስድስት ኪሎ ከግማሽ ምን ያህሉ የአብዲ፣ ምን ያህሉ የሰዎቹ ብድግታ እንደሆነ ለማስላት ወረቀት አላስፈለገኝም።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ያን ጊዜውኑ በቅሎ ላይ ወጥተሽ ለምን አልተመለስሽም?» ይለኛል። እኔም ራሴን ስጠይቀው ኖሬአለሁ። ጋሽ ንጉሤ አሥር እርምጃ ርቀው ነበር። «ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት ብቻ ነበር። ግን ከማለቴ በፊት ብዙ ነገር አሰብኩ። ከቀትር በኋላ የመዘንኳቸው ሁሉ ሊበላሹ ነው። ገና የተቀጠርኩ ነኝ፤ ያባርሩኛል። ጎባ ውስጥ «ያቺ ፈጣኗ» ተብዬ መሳቂያ ልሆን ነው። ግማሽ ኪሎ ምን አላት? በሚቀጥለው ዙር ይታረማል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና አፌን ዘጋሁ። የዚያን ቀን ቀስቱ እስኪቆም እየጠበቅሁ፣ ዓይኔን ሳልነቅል፣ ከማንም የተሻለ ሥራ ሠራሁ። ጋሽ ንጉሤ «ዛሬ ምን ነካሽ፣ ረጋ አልሽ» ብለው አመሰገኑኝ። ምስጋናቸው እንደ ጉርሻ አንቆኝ ዋለ።

ዓርብ ማታ ጎባ ገባን። ቅዳሜ እናቴ ባሞቀችልኝ ውሃ ፀጉሬን ታጠብኩ፣ ትኩስ የገብስ ቂጣ በቅቤ በላሁ፤ ሳላጣጥመው በላሁት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ከበሩ ዳር ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ቆማ ነበር። ልጁ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። በዚያው ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ጋሽ ንጉሤ ቤት ሄድኩና ተንበርክኬ ነገርኳቸው።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አልተቆጡም። የሚያስለቅሰውም አለመቆጣታቸው ነበር። «መቼ አወቅሽ?» አሉኝ።

«ረቡዕ።»

«ዛሬ እሑድ ነው» አሉ። ከዚያ ተነስተው ካፖርታቸውን ከግድግዳው አወረዱ። «በይ ተነሽ። መኪና እንለምናለን፤ ነገ በጠዋት እንወጣለን።»

መኪናው ተበላሽቶ ሰኞ ግማሹን ቀን መንገድ ላይ ዋልን። ማክሰኞ ረፋድ ላይ መንደሯ ደረስን። ቀዩን ክር ከኪሴ አውጥቼ እጄ ላይ ጠቅልዬው ነበር፤ እዚያ እንደደረስኩ ላስርለት። የአዴ ሀሊማ ቤት ደጅ ሴቶች ተቀምጠዋል። ከመሀላቸው አንዷ ስታየኝ ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ ገባኝ። ክሩን ወደ ኪሴ መለስኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ነው አሉ። ትንሽ ተቅማጥ ያዘው፣ አንድ ቀን ብቻ ያዘው፣ አለቀ። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ፀጉሬን እየታጠብኩ ነበር። ረቡዕ ተመልሼ ቢሆን ሐሙስ እዚህ ነበርኩ፤ ዓርብ አብዲ ጎባ፣ ሐኪም ፊት ነበር።

አዴ ሀሊማ አልተነሳችም። «ዱፍቴ?» አለችኝ። መጣሽ? ጎኗ ተቀመጥኩ። ጋሽ ንጉሤ በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም። የማስታውሰው «የሚዛኑ ሳይሆን የኔ ስሕተት ነው፤ ያልሽው ልክ ነበር» ማለቴን ነው። አዴ ሀሊማ «አሳይኝ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሚዛኑን። እንዴት እንደዋሸ አሳይኝ።»

እምቢ ብል እወድ ነበር። አጣናው መጣ፣ ያንኑ አጣና፤ ያንኑ ሁለት ሰዎች ጠሩ። የሚሰቀል ነገር ሲፈለግ እሷ ራሷ ከቤት ወተት ያለበት ጮጮ ይዛ ወጣች። አብዲ የነበረበት ሱሪ ውስጥ ጮጮውን አስገባሁት። ሰዎቹ ቁጢጥ አሉ። መቁጠር ግን አቃታቸው፤ አንደኛው ከንፈሩን ነከሰ። የቆጠረችው እሷ ናት። ቶኮ። ለማ። ሰዲ። ብድግ አሉ። ቀስቱ ሽቅብ ሄደና ተመለሰ፣ ቆመ።

ተጠግታ ጣቷን መስታወቱ ላይ፣ ቀስቱ መጀመሪያ በደረሰበት ቦታ ላይ አደረገች። «ያነበብሽው እዚህ ጋ ነው?»

«አዎ።»

ጣቷን ቀስቱ ወደ ቆመበት አወረደች። «ከዚያ ወደዚህ ወረደ?»

«አዎ፤ ወርዷል።»

«ሲወርድ አላየሽውም?»

«አላየሁትም፤ እየጻፍኩ ነበር።»

ጣቷን ከመስታወቱ ላይ አነሳች። «በሕይወት እያለ በእጄ ቀለለኝ» አለች ለማንም ሳትሆን። «ቅዳሜ ወደ መቃብር ሊወስዱት ከእጄ ሲቀበሉኝ ግን ከበደኝ። እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም።» ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም አለቀስኩ፤ እዚያ ቦታ በማልቀሴ አፍሬአለሁ፣ ግን እንባዬን መመለስ አልቻልኩም። «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው» አለ አጣናውን ከያዙት አንዱ። እሷ ቀደር ነው አላለችም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝ። ጮጮውን ከሱሪው አውጥታ ክዳኑን ከፈተችና ወተቱን በጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ። «ጠጪ፤ መንገድ መጥተሻል።» በዚያ ላም ሁሉ በነጠፈበት ወቅት ያ ወተት ከየት እንደተገኘ አልጠየቅሁም፤ ለማን ተቀምጦ እንደነበረ ግን ገምቻለሁ። ጠጣሁት። ከዚያ ወዲህ ብዙ መራራ ነገር ጠጥቻለሁ፤ እንደዚያ ወተት ለመዋጥ ያቃተኝ የለም።

ከዚያ ሁሉንም ሕፃናት እንደ አዲስ መዘንን። ጋሽ ንጉሤ ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አዴ ሀሊማ ከለቅሶዋ ተነስታ መጥታ ከሚዛኑ አጠገብ ቆመች። ማንም አልጠራትም። ሰዎቹ ብድግ ባሉ ቁጥር እጇን ከፊታችን ትዘረጋና «ገና ነው» ትላለች። ቀስቱ ሲወዛወዝ «ገና ነው።» ሲቆም እጇን ታነሳለች። ባለፈው ያለፉ፣ አሁን ግን ከመስመሩ በታች የወደቁ አራት ሕፃናት ተገኙ። ለአራቱም ቀይ ክር አሰርኩላቸው። ቋጠሮው እንዳይጠብቅ ጣቷን ከክሩ ሥር እያስገባች የያዘችልኝ እሷ ናት። አራቱም በማግስቱ በበቅሎ ወረዱ፤ አራቱም ተረፉ።

ጋሽ ንጉሤ አላስባረሩኝም። ወደ ጎባ ስንመለስ መንገድ ላይ «ቢወርድም ላይተርፍ ይችል ነበር» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ረቡዕን አውቀዋለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያንን ሥራ ሠራሁ፤ ሕፃን በመዘንኩ ቁጥር መጀመሪያ እናቲቱን «በእጅሽ እንዴት ነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ወጣት ባልደረቦቼ «ሲስተር ቀርፋፋዋ» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። አልከፋኝም። አዴ ሀሊማን ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ አይቻታለሁ፤ አንዴ ጎሮ ገበያ፣ ሌላ ልጅ አዝላ። ሰላም አለችኝ፣ የእናቴን ጤና ጠየቀችኝ። ስለ አብዲ ግን አንዳችንም አላነሳንም። አሁን በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም፤ ለማጣራት ድፍረቱን አላገኘሁም።

ማክሰኞ ዕለት ከክሊኒኩ ስንወጣ ናሆም ነቅቶ ነበር። ነርሷ «ጎበዝ ነው፣ ጥሩ ጨምሯል» ብላ ካርዱ ላይ ጽፋለታለች። ሜሮን ደስ ብሏት ቁጥሩን ለባሏ በስልክ እየነገረች ወደ አሳንሰሩ ገባን። በሩ ተዘጋ። ሳጥኑ ቁልቁል ሲነሳ ናሆም ክንዴ ላይ ቀለለ። ለአንድ አፍታ ነው፤ ለመናገር የሚወስደውን ያህል እንኳ አይሞላም። አጥብቄ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት፤ አለቀሰ።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?» አለች ሜሮን ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ።

«ቀለለኝ» አልኳት።

«አሁን አይደል እንዴ የተመዘነው? ጨምሯል እኮ!»

«አውቃለሁ። ግን ቀለለኝ።»

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሰው ሊገባ በሩ ሲከፈት ልጁን ይዤ ወጣሁ። ሜሮን ከኋላዬ እየጠራችኝ ተከተለችኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ቢሆንም ደረጃውን አንድ በአንድ ወረድኩ። ናሆም ክንዴ ላይ ለቅሶውን ተወና ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ታች ስንደርስ ክንዴ ዝሎ ነበር። ሜሮን «ስጪኝ፣ ከብዶሻል» አለችኝ።

«ተዪው» አልኳት፣ «ይክበደኝ።»